የተሸፈነች ሴት

ሴንት ፖል፣ ኦክቶበር 6, 1997

ይድረስ ለማሚት፤

ስለ ዝምታዬ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። መልሱን ያዘገየሁት ታምሜ አይደለም፤ አዲስ ሥራ ይዞኝ ነው። ብርዱም ገና አልጀመረም። የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ።

ፓርኪንጉን ትተሃል ወይ ላልሽኝ፣ አልተውኩም። ጠዋት ጠዋት እዚያችው የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ ትኬት እቀበላለሁ። ከሰዓት በኋላ ግን ፍርድ ቤት ነኝ። ለአማርኛ አስተርጓሚዎች የሚሆን የሕግ ቃላት መፍቻ የሚያዘጋጅ ሰው ሲፈልጉ፣ በአገሬ ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ ብዬ አመለከትኩና ተቀበሉኝ። ሕግ ተምሬ የሰው መኪና ስጠብቅ ላረጅ ነው ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበርና ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ብቻዬን አይደለሁም። ቤዛዊት የምትባል አስተርጓሚ አብራኝ ትሠራለች። በልጅነቷ ስለመጣች እንግሊዝኛዋ እንደ አገሬው ነው። እኔ ሕጉን አውቃለሁ፣ እሷ ቋንቋውን።

ያልገመትነው ነገር የእነዚህ ሰዎች ሕግ ግማሹ የድሮ ፈረንሳይኛ መሆኑ ነው። ድሮ ከፈረንሳይ የሄዱ መሳፍንት እንግሊዝን ሲገዙ ጥለውት የሄዱት ቋንቋ፣ ባሕር ተሻግሮ እዚህ ሚኔሶታ ድረስ መጥቷል። እኔ "ሞርጌጅ" የቤት ብድር ነው ብዬ ላልፈው ስል ቤዛዊት "ሞርት ሞት አይደል እንዴ? ሞት ምን አገባው?" ብላ ያዘችኝ። ጠበቆቹ ደግሞ ጁሪ የሚሏቸውን ሕዝባዊ ፈራጆች ከመምረጣቸው በፊት ሰዎቹን የሚጠይቁትን ጥያቄ "ቮር ዳየር" ይሉታል። አንቺ ፍትሕ ሚኒስቴር ተቀምጠሽ ከፈረንሳይኛ ስትተረጉሚ የኖርሽ ነሽና እባክሽ ሁለቱን ፍቺልኝ።

ደረሰ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ውድ ደረሰ፤

ሁላችንም ደህና ነን። እናቴ ሰላምታህን ሰምታ "ከሰላምታው ይልቅ ቪዛውን ይላክ" ብላሃለች። አትቀየማት።

ሞርጌጅ "የሞተ መያዣ" ነው። ተበዳሪው ካልከፈለ መያዣው ለእሱ ሞተ፤ ከከፈለ ደግሞ ላበዳሪው ሞተ። በየትም በኩል አንድ ሰው ያለቅሳል። ቮር ዳየር ያልከው የዛሬው ፈረንሳይኛ እንዳያሳስትህ። ዛሬ "ቯር" ማየት ነው፤ በድሮው ግን እውነት ማለት ነበር። ስለዚህ "እውነቱን መናገር" ብለህ ጻፈው።

እንዲህ ያለ ሥራ በማግኘትህ ደስ ብሎኛል። እውነቴን ነው። ኢሚግሬሽን ያለውን ፋይሌን እንዳትረሳው ብቻ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ለመፍቻው ሳይሆን ለራሴ ነው። ይቺ ቤዛዊት አግብታለች?

ማሚት


ሴንት ፖል፣ ኖቬምበር 17, 1997

ማሚትዬ፤

አላገባችም፤ ምን አገባን? ከአጎቷ ከአቶ ዋለ ጋር ኩን ራፒድስ ነው የምትኖረው። መኪና ስለሌላት ሥራ ስንጨርስ ድራይቭ አድርጌ አደርሳታለሁ። መንገዴ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

የሞተውን መያዣ ሳነብላት አጨበጨበች። "ሴትዮዋ ጎበዝ ናት፣ ታንክ ዩ በልልኝ" ብላሻለች። አሁን በየቀኑ ከላይብረሪ ያረጁ የሕግ መጻሕፍት እየተሸከመች ትመጣለች። "ኦዬ" የሚል ቃል አገኘች፤ ችሎት ሲከፈት ይጮኹት ነበር አሉ። "ፌም ኮቨርት" የሚልም አገኘች። ይሄኛው እንኳን ለፍርድ ቤቱ አያስፈልግም፣ ጊዜ ያለፈበት ነው። ቤዛዊት ስለወደደችው ነው የምጠይቅሽ።

ፋይልሽን ጠይቄያለሁ፤ ወረፋ ላይ ነው አሉ። በረዶ ጀምሯል።

ደረሰ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 27 ቀን 1990 ዓ.ም.

ደረሰ፤

ሰላምታዬ ይቆይ፤ መጀመሪያ ሥራህን እንጨርስ።

"ኦዬ" ማለት "ስሙ" ማለት ነው። የእኛ አዋጅ ነጋሪ "ስማ፣ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ" እንደሚለው ነው። "ፌም ኮቨርት" ደግሞ "የተሸፈነች ሴት" ናት። በእንግሊዞች የድሮ ሕግ ባል ያገባች ሴት ለብቻዋ ሰው አልነበረችም። በስሟ አትዋዋልም፣ ያለ ባሏ አትከስም። ባሏ እንደ ጋቢ ይሸፍናታል፤ ከጋቢው ሥር ያለችውን ሕጉ አያያትም። እኛ አገር ሴት በርስቷ ዳኛ ፊት ቆማ ስትሟገት በኖረችበት ዘመን እነሱ እንዲህ ነበሩ። ይሄንንም ለዚያች ልጅ ንገራት።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ እንምጣ። "ሴትዮዋ" ማናት? ሚስትህ መሆኔን የምታውቅ ሴት "ባለቤትህ ጎበዝ ናት" ነው የምትለው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ስለ እኔ ምን ብለህ ነው የነገርካት?

ቢሯችን ውስጥ አትላስ አለ፤ ከነገርኩህ አይቀር እሱንም ልንገርህ። ኩን ራፒድስን ፈለግኩት። አንተ ፍሮግታውን፣ ከፍርድ ቤቱ ብዙም ሳትርቅ ነው የምትኖረው። ኩን ራፒድስ ሚሲሲፒን ይዞ ወደ ሰሜን፣ ፍሪድሊን አልፎ ነው። ወዴት ስትሄድ ነው መንገድህ ላይ የሚሆነው?

ማሚት


ሴንት ፖል፣ ዲሴምበር 29, 1997

ማሚት፤

እንኳን ለገና በዓል በሰላም አደረሰሽ። ደብዳቤው ሲደርስሽ በዓሉ አልፎ ይሆናል፤ ቢሆንም ምኞቴ ምኞት ነው።

በአትላስ አትከታተይኝ። በዚህ ብርድ ልጅቷን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ጥዬ ልሂድ? ደግሞ እኔ ምንም አልዋሸሁም። "አዲስ አበባ ያለች የሕግ ተርጓሚ ናት" ነው ያልኳት። አይደለሽም? ስለ ትዳሬ የጠየቀኝ ሰው የለም። እዚህ አገር ሰው የሰውን ፐርሰናል ጉዳይ አይጠይቅም። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባበትም ብዬ ዝም አልኩ፣ በቃ።

የተሸፈነችዋን ሴት ለቤዛዊት አነበብኩላት። ስቃ ስቃ እንባዋ መጣ፤ "የኔ አጎት ይሄን ሕግ ቢሰማ ይመለስልኝ ይላል" አለች። ሥራው ተወዶልናል፤ ዳኛዋ ራሷ መጥታ አመስግናናለች። የቀሩት ጥቂት ቃላት ናቸው። "ላቺስ" የሚባለው አስቸግሮናል። እኔ "ይርጋ" ልለው ነበር፣ ቤዛዊት ግን አይመስለኝም ብላ ተከራከረችኝ።

ደረሰ


አዲስ አበባ፣ ጥር 14 ቀን 1990 ዓ.ም.

ደረሰ፤

ልጅቷ ልክ ናት፤ ይርጋ አይደለም። ይርጋ ቀን ይቆጥራል፣ ቀኑ ሲያልፍ ክሱ ይዘጋል። ላቺስ የተቆረጠ ቀን የለውም። ቃሉ መላላት፣ መለገም ማለት ነው። መብቱ ሲነካ እያየ የተኛ ሰው፣ ቆይቶ ነቅቶ "የእኔ ነው" ቢል ዳኛው "እስካሁን የት ነበርክ?" ብሎ ያሰናብተዋል።

ለእሷ የማታነብላትን አንድ ልጨምርልህ። የቢሯችንን የድሮ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ "ክሪሚናል ኮንቨርሴሽን" የሚል አገኘሁ። ጭውውት እንዳይመስልህ። ባል ከሚስቱ ጋር የተኛን ወንድ ከሶ ካሳ የሚያስከፍልበት ክስ ነው። ለሚስትስ ብዬ ፈለግኩ። የለም። ባል ሲቀና ችሎት ይሰየምለታል፤ ሚስት ስትቀና ውሃ ትጠጣና ትተኛለች።

ቀንቻለሁ ደረሰ። ሌላ ስም አላወጣለትም። አንተ መኪናው ውስጥ ሂተሩን ስታስነሳላት፣ እሷ ጓንቷን ስታወልቅ ይታየኛል። ሰምቼው በማላውቀው ሳቋ እቀናለሁ። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ የሚያስቃት የእኔ ጽሑፍ መሆኑ ነው። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ እንጨት አቀብላለሁ፣ እናንተ እዚያ ትሞቃላችሁ። በባሌ ስም እንኳን አልታወቅም። ባል እንዳለኝ እዚህ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አንተ ግን እዚያ ሚስት የለህም።

ስለዚህ አልተኛሁም። ያደረግኩትን አልነግርህም፤ ቤት ድረስ የሚሄዱት ሰዎች ይነግሩሃል።

ማሚት


ሴንት ፖል፣ ፌብሩዋሪ 16, 1998

ማሚት፤

ምን አድርገሽ ነው?

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ፓርኪንጉ ውስጥ ያገኘኝ ሁሉ ትከሻዬን እየመታ "እንኳን ደስ ያለህ!" ይለኛል። ለምኑ ስል "ካም ኦን ማን፣ ምን ትደብቃለህ!" ይሉኛል። ጋሽ ዲንሳን ታክሲያቸው ውስጥ እስካገኛቸው ድረስ ምን እንደሆነ አላወቅኩም። የአባትሽ ጓደኛ ባይሆኑ ኖሮ ከዚያ መኪና ውስጥ ጎትቼ ባወጣኋቸው።

ደብዳቤሽ ሲደርሳቸው ሁለት ሽማግሌ ጨምረው፣ ሱፋቸውን ለብሰው፣ በረዶውን እየረገጡ ኩን ራፒድስ አቶ ዋለ ቤት ሄዱልሽ። ቅዳሜ ቀን። ግቡ ሲባሉ ገቡ፤ ተቀመጡ ሲባሉ "ነገራችንን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ። ከዚያ መረቁ። ቤቱን መረቁ፣ ከብት የሌለውን ሰውዬ ከብቱን ሳይቀር መረቁለት። ከዚያ ጋሽ ዲንሳ "ስለ ደረሰና ስለ ልጃችሁ ስለ ቤዛዊት ነው የመጣነው" አሉ። እስቲ ፍረጂኝ፤ ሦስት ሽማግሌ ሱፍ ለብሶ ያላገባች ልጅ ያለችበት ቤት ሄዶ አልቀመጥም ሲል፣ የቤቱ ጌታ ምን ይላል?

አቶ ዋለ አላስጨረሷቸውም። "ልጁን እናውቀዋለን፣ ጨዋ ነው። ወግ ነውና ዘመድ እንማከር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ" ብለው አስቀመጧቸው። ምግብ ቀረበ። "አንተዬ፣ እንዴት አድርጌ ልንገራቸው?" አሉኝ ጋሽ ዲንሳ። "ሴቶቹ ጓዳ ሆነው በደስታ ሲንሾካሾኩ እየሰማሁ፣ እህላቸውን እየጎረስኩ፣ ሚስት አለው ልበል? በሁለተኛው ቀጠሮ እንነግራቸዋለን ተባባልንና መርቀን ወጣን።"

ሚስቴ ሆነሽ ሚስት ጠየቅሽልኝ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አሁን የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል አበሻ ሁሉ የሠርጉን ቀን እየጠየቀኝ ነው።

ደረሰ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 27 ቀን 1990 ዓ.ም.

ደረሰ፤

ደብዳቤህን ቢሮ ሆኜ አነበብኩትና ሳቅ አመለጠኝ። ከብቱን መረቁለት የሚለው ላይ ስደርስ ሰዎቹ ሁሉ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ለጋሽ ዲንሳ የጻፍኩት "ደረሰ ባለትዳር መሆኑን ለልጅቷ ቤተሰብ በጨዋ ደንብ ንገሩልኝ" የሚል ነበር። በጨዋ ደንብ ባልል ኖሮ በስልክም ባለቀ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልክድም። በዚያች ልጅ ላይ ያመጣሁት መሳቂያነት ያሳፍረኛል።

ግን አንተም አትጩህብኝ። አቶ ዋለ ሽማግሌዎቹን እንደዚያ የተቀበሏቸው ያላገባህ መስለሃቸው ነው። እሱንስ እኔ ነኝ የነገርኳቸው? እኔ ሦስት ሽማግሌ ልኬ ያበላሸሁትን አንተ አንድ ሰው ሳትልክ፣ ዝም ብለህ ብቻ፣ አስቀድመህ አበላሽተኸዋል።

ይህ ሲደርስህ ሁለተኛው ቀጠሮ አልፏል። ምን ተባለ? እሷስ ምን አለች?

ማሚት


ሴንት ፖል፣ ማርች 23, 1998

ማሚት፤

ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ።

ጉዳዩ አልቋል። ከጋሽ ዲንሳ ጋር ሄጄ ባለትዳር መሆኔን ተናግሬ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። አቶ ዋለ ከዚህ ወዲያ ደጃቸውን እንዳልረግጥ ነግረውኛል፤ እውነት አላቸው። መፍቻውን ብቻዬን እጨርሰዋለሁ። በረዶው መቅለጥ ጀምሯል። ኢሚግሬሽን ፋይልሽን ወደ ኤምባሲው ልኬያለሁ ብሏል። ሲጠሩሽ ጻፊልኝ።

ደረሰ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1990 ዓ.ም.

ደረሰ፤

ኤምባሲው ጠርቶኝ ነበር፤ ቪዛው ተመቶልኛል። እናቴ እልል ብላ ሰፈሩን ሰብስባለች። እኔ ግን ያንተን አጭር ደብዳቤ ይዤ ጥግ ተቀምጫለሁ።

እሷ ምን አለች ብዬህ ነበር። አልመለስክም። ስሟንም አልጻፍክም። ከዚህ በፊት ቤዛዊት እንዲህ አለች፣ ቤዛዊት እንዲህ አገኘች ሳትል ያለፍክበት ገጽ የለም፤ ያኔ በየመስመሩ ስቀና ኖሬያለሁ። ለካ ያኔ የሚያስቀና አልነበረም። ስሟን እንደ ልብህ ስትጽፈው የሥራ ጓደኛህ ነበረች። አሁን መጻፍ ፈራህ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።

የሥራ መልቀቂያዬን ጽፌ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ከማስገባቴ በፊት አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ያን ቀን ሰዎቹ እንኳን ደስ ያለህ ሲሉህ፣ ደስ ብሎህ ነበር?

ማሚት


ሴንት ፖል፣ ኤፕሪል 27, 1998

ማሚት፤

ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። ይሄኛውን ሳላነበው ፖስታ ሳጥን ውስጥ እከተዋለሁ።

አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ጋሽ ዲንሳ የሆነውን ከነገሩኝ በኋላ ጮህኩባቸው፣ ተሳደብኩ፤ ከዚያ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ያዘኝ። "ልጁን እናውቀዋለን፣ ጨዋ ነው" ያሉትን አሰብኩና ብቻዬን ፈገግ አልኩ። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን አላየሁም። የሚኔሶታ ሰው ጡሩንባ አይነፋም፣ እኔ ላይ ግን ነፋ። አንቺን ያስታወስኩሽ ከዚያ በኋላ ነው፤ ያፈርኩትም ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ይሄው ነው፤ ላሳምረው አልችልም።

ቤዛዊት። ስሟ ይሄው። ቤታቸው የሄድን ቀን ከአጎቷ ጀርባ ቆማ ነበር፣ የክት ልብሷን ለብሳ። ስጨርስ በእንግሊዝኛ "አንድ ቀን እንኳን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?" አለችኝና ወደ ውስጥ ገባች። ሥራውንም ተወችው። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። እጄ አልነካትም፣ ከአፌም የወጣ የፍቅር ቃል የለም፤ ግን ወድጃት ነበር። ያላገባሁ አድርጋ ስታየኝ ደስ ስለሚለኝ ነው ዝም ያልኩት። አንቺንም እወድሻለሁ። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ መጻፍ ነውር ነው፤ አንቺ ግን የጠየቅሽኝ እውነቱን ነው።

የአውሮፕላን ትኬቱን በስምሽ ገዝቼ ልኬያለሁ። ብትመጪም ብትቀሪም ፍርዱ ያንቺ ነው።

ደረሰ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 10 ቀን 1990 ዓ.ም.

ደረሰ፤

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ማታ ማታ ያንን ቀይ መብራት አያለሁ። ፈገግታህን አውቀዋለሁ፤ የትኛው ፈገግታ እንደሆነ ሳይቀር አውቀዋለሁ።

መልቀቂያዬን ዛሬ ጠዋት አስገብቻለሁ። ይቅር ብዬህ እንዳይመስልህ። አሳምረህ ብትጽፍልኝ ኖሮ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀር ነበር፤ እንዳለ ስለጻፍከው እመጣለሁ። ቅናቴም አብሮኝ ይመጣል፤ እናቴ እዚሁ ጣይው ብትለኝም የሚጣል ሆኖ አላገኘሁትም።

ኤርፖርት አበባ ይዘህ እንዳትመጣ። ጋሽ ዲንሳን ይዘህ ና፤ በዚህኛው ጉዞ ግን እሳቸው ዝም ይበሉ፣ የምናገረው እኔ ነኝ። ቤትህ አልገባም፤ መጀመሪያ አቶ ዋለ ቤት ውሰዱኝ። አንተ ደጁን እንዳትረግጥ ተከልክለሃልና መኪና ውስጥ ትጠብቃለህ። ያችን ልጅ ሽማግሌ ልኬ ያሳፈርኳት እኔ ነኝ፤ ፊቷ ቆሜ ይቅርታ ልጠይቃት ነው። ደግሞም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ መልኳን ላየው ነው።

ሚስትህ
ማሚት